ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዩኤስቢ አላነብ ሲል፦ ጥፋቱ የት እንዳለ ለይቶ መጠገን

ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ፣ ማውሱ ሲሠራ ቆይቶ በየመሃሉ ከቆመ፣ ወይም ፕሪንተሩ ጠዋት ታውቆ ከሰዓት ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ነው፦ በተሰካው ዕቃ፣ በገመዱ፣ በኮምፒውተሩ ፖርት (መሰኪያው ቀዳዳ) እና ፖርቱ በሚሰጠው ኃይል፣ አለዚያም በዊንዶውሱ። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ጥገና መጀመር ገንዘብም ፋይልም ያስበላል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ችግሩ እዚያው የሚቀረው፣ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ከተቀየረ በኋላ ጥፋተኛው የኬዙ የፊት ገመድ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መለየቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ አይጠይቅም። ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ ገመድና ሌላ ኮምፒውተር በአጠገባችሁ ካለ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። የተሰካው ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ ፋይል ከያዘ፣ ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል መልእክት ሲያወጣ «ካንስል» በሉ። ጥፋቱ የገመድ ወይም የኃይል ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ መልእክት ሊመጣ ይችላል። ፎርማት ካደረጋችሁት በኋላ ግን ጤነኛው ፋይል ራሱ ችግር ውስጥ ይገባል።

አጥፍቶ ማስነሳት፣ በትክክል

«ሪስታርት አድርገው» ሲባል ብዙ ሰው ሻትዳውን አድርጎ መልሶ ያበራዋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ ሻትዳውን ሲደረግ ዊንዶውስ የራሱን የውስጥ ክፍልና የድራይቨሮቹን (የተሰኩትን ዕቃዎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል፤ ሲበራም ያንኑ ያስቀመጠውን መልሶ ያነሳል። የተበላሸው የዩኤስቢ ሁኔታም አብሮ ይመለሳል ማለት ነው። ሪስታርት ሲደረግ ግን ሁሉም ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ሪስታርት የሚለውን ራሱን ምረጡ፤ ወይም ሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ ሻትዳውን የሚለውን ተጫኑ።

ይህ ካልበቃ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረውን ኃይል ማስወጣት ነው። ዴስክቶፕ ጠፍቶም ቢሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ይሰጣል። አንዳንዱ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሳለ የማውሱ መብራት የሚታየው በዚሁ ኃይል ነው። የዩኤስቢው መቆጣጠሪያ ቺፕ ደንዝዞ ከቀረ፣ ይህ ኃይል እስካልተቋረጠ ድረስ ላይነቃ ይችላል።

1. ኮምፒውተሩን አጥፉና የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች በሙሉ ንቀሉ።
2. የኃይል ገመዱን ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።
3. የኬዙን ማብሪያ ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ።
4. አምስት ደቂቃ ጠብቁ።
5. ኪቦርድና ማውስ ብቻ ሰክታችሁ አስነሱ፤ ሌላውን አንድ በአንድ ጨምሩ።

አምስት ደቂቃው ያለ ምክንያት አልተጨመረም። በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ከፖርቱ አጠገብ ራሱን በራሱ የሚመልስ ትንሽ ፊውዝ አለ። ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲያልፍበት ይግልና መንገዱን ይዘጋል፤ ኃይል ተቋርጦ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይከፍታል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚቆራረጥበት ሰፈር «ፖርቱ ሞቷል» የተባለ ኮምፒውተር በዚህ እርምጃ ብቻ ሲነሳ ማየት የተለመደ ነው። አምስተኛው እርምጃ ላይ አንድ ዕቃ ስትጨምሩ ሁሉም ተያይዞ ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ያ ዕቃ ነው።

ማፈራረቅ

ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ፖርቱንም ገመዱንም አንድ ላይ ቀይራችሁ ከሠራ፣ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ከኬዙ ፊት የሰካችሁትን ፍላሽ ወደ ጀርባው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ወደተበየደው ፖርት ውሰዱት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የፊት ፖርቱ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ነው። እዚያም ካልሠራ ያንኑ ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ሌላውም ካላነበበው ፍላሹ ነው። ሌላው ካነበበው ወደ መጀመሪያው ኮምፒውተር ተመለሱና ሌላ ፍላሽ ሰኩበት። ሌላኛው ከሠራ ኮምፒውተሩ ያንን አንድ ፍላሽ ብቻ ነው የማያውቀው፤ ችግሩ የድራይቨር ወይም የድራይቭ ፊደል ነው፣ ከታች እንመጣበታለን። በጀርባም በፊትም ምንም ዓይነት ዕቃ ካልሠራ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው።

እዚህ ላይ «ዊንዶውሱ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱን ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ይሰጣችኋል። የዩኤስቢ ኪቦርድ በተጠረጠረው ፖርት ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አስነሱና ዴሊት ወይም ኤፍ 2 ቁልፍን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በአንዳንዱ ሞዴል ኤፍ 10 ነው። ባዮሱ ውስጥ ቀስቶቹ ከታዘዙላችሁና ዊንዶውስ ሲነሳ ኪቦርዱ ከሞተ፣ ፖርቱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው። ባዮስ ውስጥም ካልሠራ ወይ ፖርቱ ተጎድቷል ወይ ባዮሱ ውስጥ ዩኤስቢ ተዘግቷል። ባዮሱ ውስጥ ዩኤስቢ ኮንፊገሬሽን በሚለው ሥር «ዩኤስቢ ፖርትስ» ወይም «ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት» ዲሴብልድ (ዝግ) ሆኖ ከሆነ ኢኔብልድ (ክፍት) አድርጉት። ከድርጅት ወጥተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡ ዴስክቶፖች የፊት ፖርታቸው በባዮስ ተዘግቶ የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ ገዥው ተበላሸ ብሎ ያስባል።

ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ኡቡንቱን በፍላሽ አስነስቶ ያለ መጫን ይሞክረው። ኡቡንቱ ላይ የሠራ ፖርት ዊንዶውስ ላይ ካልሠራ፣ ማዘርቦርድ ለመግዛት ምንም ምክንያት የለም።

የፊት ፖርቶች፦ ብዙው ጣጣ ያለው እዚህ ነው

የኬዙ የፊት ፖርት ማዘርቦርዱ ላይ የለም። ከኬዙ የፊት ሽፋን ጀርባ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው ያለው፤ ከእሷ የሚነሳ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉ መርፌዎች ጋር ይገናኛል። በቀን ስንት ጊዜ የሚሰካና የሚነቀልበት ይህ ፖርት ነው፤ እግር የሚመታው፣ አቧራ የሚገባውም እሱ ነው። ኬዙ ለጽዳት በተከፈተ ቁጥርም ገመዱ ይላላል።

ይህ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት የዩኤስቢ 2 መያዣ በሁለት ረድፍ 9 መርፌዎች አሉት። ከአሥሩ ቦታ ዘጠነኛው ሆን ተብሎ የተተወ ክፍት ቦታ ነው፤ ገመዱ ተገልብጦ እንዳይገባ መለያው እሱ ነው። አንዱ መያዣ ሁለት ፖርት ያገለግላል። አንደኛውና ሁለተኛው መርፌ 5 ቮልት ናቸው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እንዲሁም አምስተኛውና ስድስተኛው ዳታ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ግራውንድ። የቆዩ ኬዞች አንድ ላይ ያልተያዙ ነጠላ ሽቦዎች ይዘው ይመጣሉ፦ ቀዩ 5 ቮልት፣ ነጩ ዳታ ማይነስ፣ አረንጓዴው ዳታ ፕላስ፣ ጥቁሩ ግራውንድ። ነጩና አረንጓዴው ከተለዋወጡ ዕቃው ኃይል አግኝቶ ይበራል እንጂ አይታወቅም። ቀዩና ጥቁሩ ከተለዋወጡ ግን ፍላሹ በሰከንድ ይቃጠላል። ስለዚህ ኬዝ ከተከፈተና ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ የሚሰካው ርካሽ ማውስ እንጂ የሠርግ ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ አይሁን።

በአሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፋየርዋየር የሚባለው መያዣ ከዩኤስቢ 2 መያዣ ጋር መርፌው በቁጥርም በአደራደርም አንድ ነው፤ የሚሰጠው ቮልቴጅ ግን ወደ 12 ይደርሳል። የዩኤስቢው ገመድ በስህተት እዚያ ከገባ የሚሰካውን ሁሉ ያቃጥላል። መያዣው አጠገብ ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በባትሪ መብራት አንብቡ፤ ዩኤስቢ ካላለ አትሰኩ።

የዩኤስቢ 3 የፊት ገመድ ወፍራም ነው፤ ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን 19 ቀጫጭን መርፌዎች ላይ ይገባል። እነዚህ መርፌዎች በቀላሉ ይታጠፋሉ። ስትነቅሉት ገመዱን አትጎትቱ፤ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። በጎን ከተወዛወዘ የመያዣው ፕላስቲክ ራሱ ተነቅሎ አብሮ ይመጣል። የታጠፈ መርፌ ካያችሁ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብላችሁ አቅኑት።

ዩኤስቢ 3 ላይ የሚያደናግር ምልክት አለ፦ ማውስና አሮጌ ፍላሽ ይሠራሉ፣ አዲሱ ፈጣን ሃርድ ዲስክ ግን ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ አይታወቅም። ምክንያቱ የዩኤስቢ 3 ፖርት በውስጡ ሁለት መንገድ ስላለው ነው፤ አራቱ የቀድሞ ንክኪዎች ለዩኤስቢ 2፣ ተጨማሪዎቹ አምስቱ ለፈጣኑ መስመር። ተጨማሪዎቹ ሲበላሹ አሮጌው ዕቃ ምንም አይሰማውም። ሃርድ ዲስኩ በጀርባው ሰማያዊ ፖርት በደንብ ከሠራ የፊት ገመዱን ነቅላችሁ እንደገና ጠበቅ አድርጋችሁ ሰኩት፤ ካልተሻለው የፊት ሰሌዳው ከነገመዱ ይቀየር። ከማዘርቦርድ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ዩኤስቢ ኦቨር ከረንት የሚል መልእክት አውጥቶ ከ15 ሰከንድ በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነም ወደ ፊት ፖርቱ ተመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ 5 ቮልቱ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። የፖርቱ ውስጥ ምላስ ተሰብሮ ንክኪው ከብረት ሽፋኑ ጋር መነካካቱ የተለመደው ምክንያት ነው። የፊት ገመዱን ከማዘርቦርዱ ንቀሉና አስነሱ። መልእክቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካልጠፋ የጀርባዎቹን ፖርቶች አንድ በአንድ በባትሪ አብርታችሁ እዩ።

ለማጽዳት፦ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀል፣ ፖርቱ ውስጥ የገባው ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በእንጨት ስቴኪኒ ይውጣ፣ ንክኪዎቹ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ ይጠረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቁ። መርፌ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ብረትና ውሃ አይቅረቡት።

ኃይል ሲያንስ

የዩኤስቢ 2 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ማውስና ኪቦርድ ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳሉ። በኪስ የሚያዘው ትንሹ ሃርድ ዲስክ ግን ሞተሩ ሲነሳ ወደ ገደቡ ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ኃይሉ ሲያንሰው ምልክቱ ግልጽ ነው፦ «ጠቅ... ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ መብራቱ ብልጭ ብሎ መጥፋት፣ ዊንዶውስ የመሰካትና የመነቀል ድምፅ ደጋግሞ ማሰማቱ። በዚህ ሁኔታ ደጋግሞ መሞከር ዲስኩን ይጎዳዋል። ከጀርባው ሰማያዊ ፖርት፣ በአጭር ገመድ፣ ያለ ማራዘሚያና ያለ ማከፋፈያ ሰኩት። እዚያም በጤነኛ ገመድ ጠቅ ጠቅ ካለ፣ ዲስኩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ነቅላችሁ አስቀምጡትና ፋይል ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት።

ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ዩኤስቢው ብቻውን አያስነሳውም። የራሱ አዳፕተር የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ደግሞ ከአንዱ ፖርት የሚያገኘውን 500 ሚሊአምፔር ለሁሉም ያካፍላል፤ በደንቡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 100 ነው። ለኪቦርድ ይበቃል፣ ለሃርድ ዲስክ አይበቃም። ማከፋፈያ መግዛት ካለባችሁ 5 ቮልት 2 አምፔርና ከዚያ በላይ አዳፕተር ያለውን ግዙ።

ቮልቴጁን ማየት ለሚፈልግ፣ ፖርቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ መልቲሜትር ፖርት ውስጥ ከመክተት ይሻላል፤ የመልቲሜትር ጫፍ ሁለት ንክኪ አንድ ላይ ሊነካ ይችላል። ቁጥሩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ዕቃ ሳይሰካ 5.1 ሆኖ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ከ4.75 በታች ከወረደ፣ ወይ ገመዱ ቀጭን ነው ወይ ፖርቱ ላልቷል ወይ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል። በሁሉም ፖርት ላይ እንዲሁ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ።

ስለ መሬት መስመርም መናገር ግድ ነው፤ እኛ አገር ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ፣ የሚሄድበት የመሬት መስመር ሲያጣ የመስመሩን ቮልቴጅ ግማሽ ያህል፣ ማለትም በ220 ቮልት ላይ ወደ 110 የሚጠጋ፣ በጣም ትንሽ በሆነ የከረንት መጠን ኬዙ ላይ ይተወዋል። ከዚያ የራሱን ኃይል ከሌላ ሶኬት የሚወስድ ፕሪንተር ስትሰኩ ልዩነቱ የሚያልፈው በዩኤስቢው ገመድ ነው። የፕሪንተርና የስካነር ፖርት እየደጋገመ የሚሞትበት ቢሮ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥራ። እስከዚያው ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ከአንድ የመብራት ማከፋፈያ አስነሱ፤ የዩኤስቢውን ገመድ ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ሰኩ።

ገመድ

ስልክ ሰክታችሁ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላየው ገመዱ የቻርጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያሉት ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የዳታዎቹ የሉም። ከውጭ አይለይም፤ መለያው ያንኑ ገመድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ የስልኩን ማሳወቂያ ወደ ታች ጎትታችሁ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ፤ አንድሮይድ ሲሰካ መጀመሪያ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው።

የዩኤስቢ 2 ገመድ ከ5 ሜትር፣ የዩኤስቢ 3 ከ3 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ፕሪንተሩ ክፍል ተሻግሮ እንዲቀመጥ ሁለት ማራዘሚያ ተቀጣጥሎ ከሆነ ግማሽ ገጽ አትሞ የሚቆምበት ምክንያት እሱ ነው። የሃርድ ዲስክ ገመድ ሰፊው ጠፍጣፋ ጫፍ ደግሞ ቶሎ ይላላል። ሲነካ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ገመዱን ቀይሩ።

ዊንዶውሱ ውስጥ

ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር» ክፈቱ። ከታች «ዩኒቨርሳል ሲሪያል በስ ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ። ዕቃውን እየሰካችሁና እየነቀላችሁ ዝርዝሩን ተመልከቱ። ዝርዝሩ ምንም ካልተነቃነቀ ዊንዶውስ መሰካቱን አያውቅም፤ ወደ ገመድና ፖርት ተመለሱ። ዝርዝሩ ከታደሰና ቢጫ ምልክት ያለው ነገር ከመጣ፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

ኮድ 28 ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ የሚፈታው በመጫን ነው። ኮድ 10 ዕቃው ታውቆ መጀመር አለመቻሉ ነው። ኮድ 43 ብዙ ሰው በድራይቨር ሊፈታው የሚደክምበት ነው፤ በተለይ «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ከሚለው ጋር ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ጠይቆ ትክክለኛ መልስ አላገኘም ማለት ነው። ያ አብዛኛውን ጊዜ የገመድ፣ የኃይል ወይም የዕቃው የራሱ ብልሽት ነው። በሦስት ኮምፒውተር ላይ ኮድ 43 የሚል ፍላሽ ድራይቨር አያድነውም።

ቢጫ ምልክት ያለውን ቀኝ ክሊክ አድርጉ፣ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ፣ ዕቃውን ንቀሉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ይህ ካልሠራ በዚያው ክፍል ያሉትን የዩኤስቢ ኮንትሮለሮች በሙሉ ማስወገድ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ መልሶ ይጭናቸዋል። ነገር ግን ስታስወግዱ የዩኤስቢ ኪቦርዱና ማውሱም ይሞታሉ። ሥራችሁን ሁሉ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ሲሞቱ የኬዙን ማብሪያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካ አድርጉ፣ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ በሥርዓት ይጠፋል። ጀርባው ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ክብ ቀዳዳ ያለው ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ክብ ጫፍ ኪቦርድ መጠቀም ከጭንቅ ያድናል፤ እሱ ግን የሚሰካው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ነው።

ዕቃው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ማውሱ የማይነቃ ወይም ፕሪንተሩ የጠፋ ከሆነ፣ ኃይል ቆጣቢው ነው። ከኮንትሮል ፓነል «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ የምትጠቀሙበት ፕላን አጠገብ «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ዲሴብልድ አድርጉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» ከፍታችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ በዚህ የምታጡት ነገር የለም።

የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) ድራይቨር ሲያስፈልግ የኮምፒውተሩን ሞዴል ይዛችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር አዘምናለሁ» የሚሉ ነፃ ፕሮግራሞች ከሚፈቱት የሚያበላሹት ይበዛል። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ከ2015 ወዲህ በወጡት የኢንቴል ስካይሌክ ሰሌዳዎች ላይ የቀድሞው የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ ስለቀረ፣ ዊንዶውስ 7 ሲጫን ኪቦርዱም ማውሱም ይሞታል፤ ድራይቨሩ በመጫኛው ፍላሽ ውስጥ መካተት አለበት።

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ማውሱ እየሠራ ፍላሽ ብቻ እምቢ ካለ ሆን ተብሎ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች መዝገብ) ውስጥ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ፣ ዩኤስቢስቶር በሚለው ሥር ያለው «ስታርት» 4 ከሆነ ተዘግቷል፤ 3 ክፍት ነው። የራሳችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ወደ 3 መልሱት። የመሥሪያ ቤት ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

ታውቋል፣ ግን አይታይም

ዲቫይስ ማኔጀር ያየው ፍላሽ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ካልታየ ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ። ፍላሹ እዚያ ካለና ፊደል ከሌለው፣ ቀኝ ክሊክ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር»፣ «አድ» ብላችሁ እንደ ፒ ወይም ኪው ያለ ራቅ ያለ ፊደል ስጡት። «ሮው» ካለ የፋይል አደረጃጀቱ አይነበብም፤ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ይቅደም፣ ፎርማት ይከተል። «ኖ ሚዲያ» ካለ የፍላሹ መቆጣጠሪያ ከማስታወሻ ቺፑ ጋር ተለያይቷል፤ ፎርማት አያድነውም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ኢንተርኔት ካፌ ደርሶ የመጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ከታዩ፣ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ቫይረሱን የሚያስነሳው መክፈታችሁ ነው። መጀመሪያ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ስካን አድርጉት። ከዚያ በፎልደር ኦፕሽንስ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ፍቀዱ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ። ዋናው ፎልደር፣ አንዳንዴ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ፣ ይገኛል። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣችሁ ፍላሹን ያን ጊዜ ፎርማት አድርጉ።

በጣም ርካሽ ሆኖ 1 ወይም 2 ቴራባይት የሚል ፍላሽ የሚቀበለው ፋይል ሁሉ ሳይበላሽ ተመልሶ ካልተከፈተ፣ አቅሙ የውሸት ነው። ገና ስትገዙ እስከ አፉ ሞልታችሁ ፋይሎቹን መልሳችሁ በመክፈት ፈትሹት።

ገመድ አልባ ማውስ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ መቀበያው ሥራ ላይ ካለ የዩኤስቢ 3 ዕቃ አጠገብ መሰካቱን እዩ። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ የሚያወጣው የሬዲዮ ረብሻ ማውሱ ከሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ጋር ይጋጫል፤ ኢንቴል በ2012 ይህን የሚያስረዳ ሰነድ አውጥቷል። መቀበያውን ወደ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2 ፖርት ማዛወር ወይም በአጭር ማራዘሚያ ከሃርድ ዲስኩ ማራቅ ይፈታዋል።

ፖርቶቹ በእርግጥ ከሞቱ

ባዮስ ውስጥም፣ ኡቡንቱ ላይም፣ ኃይሉ ተፈትሾም ፖርቶቹ ካልተነሱ ማዘርቦርዱን ለመቀየር አትቸኩሉ። የፒሲአይ ኤክስፕረስ የዩኤስቢ ካርድ ኬዝ ከፍቶ በአንድ ብሎን የሚታሰር ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ፦ ቁመቱ ለኬዛችሁ እንዲሆን፣ ቀጭን ኬዝ ከሆነ አጭሩን የብረት መያዣ ጨምሮ የያዘውን፤ እንዲሁም ካርዱ የኃይል መሰኪያ ካለው ፓወር ሰፕላያችሁ ላይ ለእሱ የሚሆን ትርፍ የሳታ ወይም የሞሌክስ ገመድ መኖሩን። ይህ ገመድ ሳይሰካ የቀረ ካርድ ማውስ ያሠራል፣ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ግን ይወድቃል። ከተገጠመ በኋላ ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙውን ካርድ ያለ ሲዲ ያውቁታል። የዩኤስቢ ኪቦርዱ ግን ቢያንስ አንድ የሚሠራ የማዘርቦርድ ፖርት ካለ እዚያ ይቆይ፤ አንዳንድ ባዮስ በካርዱ ላይ የተሰካን ኪቦርድ ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ አያየውም።